ዋስ

ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ፈተና ሳርም ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
በሬን የቆረቆረች፣ ከአምስት ዓመት በፊት ኬሚስትሪ ያስተማርኳት
ምስጋና ሌዳሞ።
በጥቁር ፌስታል ውስጥ አንድ ነገር ይዛለች፤ ፌስታሉ ይሸታል።
“ቲቸር” አለች፣ “ይንኩት። ሲነኩት ይገርማል።”

የቆሮሶ ቆዳ! አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚገፉት
ለአባ ኮዳ ሲሳይ የሚወረውሩት።
ዳሰስኩት። ለስልሷል። የቅርፊቱ ማኅተም
እንደ ሣር ክዳን ነው፣ አንዱ ባንዱ ተኝቶ፣ አንዱ አንዱን አይረግጥም።
“በምን አለፋሽው?”
“በግራር ቅርፊት ነው። የቀረው እርስዎ ያሉን፣
አሲድና ቤዙን።”
እኔ እንኳን ያልኩትን ረስቼው ነበረ፣
በዳስተር ተጠርጎ፣ ከጠመኔው ጋራ ብናኝ ሆኖ የቀረ።

ተወዳድራለች። ዳኞቹ በመድረክ “ተፎካካሪሽስ?” ብለው የጠየቋት፣
“አባ ኮዳ” ብላ አዳራሹን ሁሉ በሳቅ የገደለች ዕለት
ሁለተኛ ወጣች። በር የሚያህል ቼክ፣ ከካርቶን የተሠራ፣
ይዛ ፎቶ ተነሳች ከባለሥልጣን ጋራ።
ገንዘቡ “በሂደት” ነው።
ካርቶኑን እናቷ ዶሮ ቤት ጋርዳበት፣ ነፋስ አያስገባው።

ከዚያ ደግሞ ቢሮ።
ለፍቃዱ ሼድ አምጪ፣ ለሼዱ ቲን ነምበር፣
ለቲኑ ፍቃዱን፤ እንደ ባጃጅ ዞራ መጨረሻዋ እዚያው ነበር።
ሦስት ቀን ሥልጠና፣ ብስኩትና ውሃ፣ ማብቂያው ሰርተፍኬት፤
“አስተሳሰብ ቀይሪ” አሏት፣ እሷም ቀየረች፤
ብድሩ ግን ቤት ነው የሚይዘው፣ አስተሳሰብ ምን ሊረባት?
ቤት የሌለው ዋስ ያምጣ፣ ደሞዝተኛ፣
ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ።
እኔ ነኛ!

ሰማንያ ሺህ ብር። ጓዳ ውስጥ አስካለ ወጥ ታማስል ነበር፤
ማንኪያው ሲቆም ሰማሁ።
ሰኞ ዕለት ፈረምኩ፣ በአራት ኮፒ፣ ከጉርድ ፎቶ ጋር።
ፀሐፊዋ ቀና ብላ፣ “ዝምድናዎ ምንድነው?” አለችኝ።
“ኬሚስትሪ፣ ሰባ ስምንት አምጥታለች” አልኳት።
አልጻፈችውም፤ ዝም ብላ አየችኝ።

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፣
ሦስት መቶ ቆዳ ከነተስፋው ከረፋ።
ብሎኬት አምራቾቹ፣ ጎረቤት ሼድ ያሉ፣ አቤቱታ ጻፉ፤
አባ ኮዳዎቹ ግን፣ አስራ አንድ ሆነው፣ ጣሪያው ላይ ተሰለፉ፣
ካፖርት እንደለበሱ የድሮ ዳኞች፣
ብድር እንደሚያስመልሱ ሰዎች።

ጥቅምት ላይ ደሞዜ ጎደለ። ኅዳርም ጎደለ።
አስካለ አልተቆጣችም። እሱ ነው የከፋው፤
ሽሮው ቀጠነና ዝምታው ነው የወፈረው።
መምህራን ማረፊያ “ምን ተረፈህ?” ይሉኛል ሲያሾፉ፤
“ምስጋና ብቻ” እላለሁ፣
ሰሙን ይዘው አለፉ።

ጥር ላይ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።
ግራሩ ጣቶቿን ቡና ዓይነት ቀብቷል።
የሁለቱን ወር ዕዳ፣ በአስርና በሃምሳ፣ ቆጥራ አስረከበችኝ፤
ብሩ ዓሣ ዓሣ ይላል።
“አንድ ጫማ ሠሪ አርባ ቆዳ ወሰደ” አለች፣ “ግማሹን በዱቤ።
ሦስት ልጆች ቀጥሬ ሁለቱ ቀሩብኝ። አንዷ ግን አለች፣ ጎበዝ ናት፣ የሰፈሬ።”

ከዚያ ኪስ ቦርሳ ሰጠችኝ፣ ስፌቱ ጥግ ላይ ትንሽ የዞረ።
ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ደሞዝ እስኪገባ ባዶ ሆኖ ኖረ።
አሁን የዋስትናው ኮፒ አለበት፣ በአራት ታጥፎ።
ስብሰባ ሲረዝም እጄን ኪሴ ከትቼ ቆዳውን እዳስሳለሁ፤
ወደ ጅራቱ ሲሄድ ይለሰልሳል፣
ወደ ራሱ ሲመለስ ይቧጥጣል።

ሃያ ሁለት ወር ይቀራል።